የአንጀት ሽፋን በየ5 ቀኑ ከታደሰ፣ ካንሰሩ ማን ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድገው?

ቢኒ_መገናኛ
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ቴሌግራም ላይ "በስቴም ሴል የአንጀት ሽፋንህን በ5 ቀን የሚያድስ" እያሉ ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዋጋውን ብታዩ ጉድ ትላላችሁ። ዱቄቱን ትቼ ነገሩን ሳጣራ፣ ሽፋኑ ያለ ማንም እርዳታ በየ4 በየ5 ቀኑ ራሱን እንደሚያድስ አነበብኩ። እሺ ይሁን። ግን አንድ ሴል ዕድሜው 5 ቀን ከሆነ፣ ዲኤንኤው ቢበላሽስ ምን ገዶኝ? ተራግፎ ከሰገራ ጋር ይሄዳል። ታዲያ የትልቁ አንጀት ካንሰር ዓመታት ፈጅቶ የሚያድገው ማን ላይ ተቀምጦ ነው? አጎቴ በዚሁ በሽታ ኬሞ ላይ ስለሆነ ነው የምጠይቀው።

አባ_ቀልዴ
5 ቀን የማይሞላ ዕድሜ ያለው ደሞዜ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለአጎትህ ምሕረቱን ይላክለት። እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
ቢኒ፣ አጎትህን እግዜር ይማርልህ። እኔ ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንጀት ስቴም ሴል ላይ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው። የጠየቅከው ጥያቄ ለኛ እንጀራችን ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ሞልተዋል። ቪላይ ይባላሉ። ምግብ የሚመጠጠው እነሱ ላይ ነው። በእግራቸው ሥር ደግሞ ወደ ውስጥ የሰመጡ ጠባብ ጉድጓዶች አሉ፤ ክሪፕት እንላቸዋለን። ጀርመናዊው ሊበርኩን በ1745 ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ትልቁ አንጀት ቪላይ የለውም፤ ክሪፕት ብቻ ነው ያለው። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሴል ነው። አንድ ብቻ! በአንድ ወገን ምግብ፣ ሐሞትና ባክቴሪያ፣ በሌላው ወገን ደም። በዚህ ቦታ ላይ ሴል ብዙ አይከርምም።

ሴሎቹ የሚወለዱት ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ለጥቂት ጊዜ እየተባዙ ወደ ላይ ይገፋሉ። በመንገዳቸው ላይ ሙያቸውን ይይዛሉ። አብዛኞቹ ምግብ መጣጭ ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫሉ፣ ጥቂቶቹ ሆርሞን ይለቃሉ። ቪላዩ ጫፍ ሲደርሱ ይረግፋሉ። ጉዞው ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። ሻርል ፊሊፕ ለብሎንድ ካናዳ ውስጥ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይህን እድሳት በአይጥ ላይ ካሳየ ቆይቷል። ዓመቱ 1948 ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከሥር የሚቀሩ አሉ፤ ስቴም ሴል የሚባሉት፣ ራሳቸውን እየተኩ ሌሎቹን ሁሉ የሚወልዱ። ቀጫጭን ሴሎች ናቸው፤ በሌሎች መካከል ተሸጉጠው ስለሚኖሩ ለረጅም ጊዜ ልብ ያላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ዩትሬክት በሚገኘው የሃንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኒክ ባርከርና ባልደረቦቹ በ2007 አንድ ምልክት አገኙላቸው፤ ኤልጂአር5 የሚባል ጂን። ከዚያ ዘዴ ዘየዱ። ይህ ጂን የሚሠራበትን ሴል በማይለቅ ሰማያዊ ቀለም የሚያስለዩበት አይጥ አዘጋጁ። ቀለሙ ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል ይተላለፋል። መጀመሪያ የታየው ጉድጓዱ ሥር ያለ ነጠላ ሰማያዊ ነጥብ ነው። ከቀናት በኋላ ከጉድጓዱ ሥር እስከ ቪላዩ ጫፍ የተዘረጋ ሰማያዊ መስመር ሆነ። በ60ኛው ቀን ሲያዩት መስመሩ አሁንም አለ። ከላይ ያለው ስንት ጊዜ ረግፏል፤ ምንጩ ግን ንቅንቅ አላለም።

በ2009 ያንተኑ ጥያቄ አይጥ ላይ ሞከሩት ማለት ይቻላል። ኤፒሲ የሚባል ጂን አለ። በአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል። ጂኑን ስቴም ሴሉ ላይ ሲያጠፉት ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ በዓይን የሚታይ ዕጢ ወጣ። ወደ ላይ ጉዞ የጀመሩት ሴሎች ላይ ሲያጠፉት ግን የተነሱት ጥቃቅን እብጠቶች ባሉበት ቀሩ። የጠፋው ያው አንድ ጂን ነው። የ5 ቀን እንግዳው ላይ ከጠፋ ብዙም አይጎዳም፤ የቤቱ ባለቤት ላይ ከጠፋ ግን መዘዝ አለው።

ፓቶ_ስላይድ
ጥሩ ተብራርቷል። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ "አንጀት በ5 ቀን ይታደሳል" የሚለው አነጋገር ልክ የሚሆነው ለዚያች አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ተቋም ያለው የዮናስ ፍሪሴን ቡድን በ2005 የሰው ሴሎችን ዕድሜ በካርቦን 14 ለካ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሞከሩት የአቶም ቦምቦች አየሩ ውስጥ የተዉት ካርቦን ዲኤንኤ ውስጥ እንደ ቀን ማኅተም ያገለግላል። ሽፋኑ ሲነሳ፣ የቀረው የአንጀት አካል አማካይ ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ጡንቻውም ነርቩም በየሳምንቱ አዲስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በአንድ የአንጀት ስቴም ሴል ውስጥ በዓመት 40 ገደማ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ይጠራቀማል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2016 በኦርጋኖይድ፣ ማለትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ከስቴም ሴል በሚያድግ ጥቃቅን አንጀት፣ ተለክቷል። የሚያስገርመው ትንሹም ትልቁም አንጀት ላይ ቁጥሩ ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ሆኖም የትንሹ አንጀት ካንሰር እምብዛም አይታይም፤ በሥራዬም የማየው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የሚውቴሽን ብዛት ብቻውን ሁሉን ነገር አያስረዳም።

አባ_ቀልዴ
እና እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አለቃ ስቴም ሴል አለው ማለት ነው? ያ አለቃ ከተበላሸ አለቀልን በሉኛ።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
አለቃ የለም። ደስ የሚለው ነገር ይሄ ነው። አይጥ ላይ በአንድ ክሪፕት ውስጥ 15 ገደማ ኤልጂአር5 ያላቸው ሴሎች አሉ። እያንዳንዳቸው በቀን አንዴ ገደማ ይባዛሉ። ድሮ መጻሕፍት ላይ ስቴም ሴል ሲከፈል አንዱ ልጅ ስቴም ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ይሄዳል ተብሎ ነበር የሚሳለው። እዚህ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ሥሩ ያለው ቦታ ውስን ነው። ሁሉም ይባዛል፣ ይጋፋል፤ ቦታ ያገኘ ይቀራል፣ የተገፋ ወደ ላይ ይወጣል።

በ2010 ሁጎ ስኒፐርትና ባልደረቦቹ ስቴም ሴሎቹን በተለያየ ቀለም አስለዩ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ቀለም አለ። ከወራት በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ቀለም ብቻ ሆነ። የአንዱ ዘር ጉድጓዱን ጠቅልሎ ወሰደ፤ የቀሩት ጠፉ። ያሸነፈው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። እንዲያው ቀናው።

አባ_ቀልዴ
በቃ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው በይኛ! የወጣለት ሙሉ ብሎኩን ይወርሳል።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
😄 ከኮንዶሚኒየሙ የሚለየው ዕጣው በየቀኑ መውጣቱ ነው።

ቢኒ_መገናኛ
ቆይ ቆይ። እንግዲያው ስቴም ሴሉ ላይ ሚውቴሽን ቢመጣም ዕጣ ላይወጣለትና ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው?

ፓቶ_ስላይድ
በትክክል። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም እሱ ነው። በ2013 የታተመ ሥራ አለ፤ አይጥ ላይ። ኬራስ የሚባለው ጂን የተበላሸበት ስቴም ሴል ከጎረቤቶቹ ይልቅ የማሸነፍ ዕድል አለው፤ ያም ሆኖ በአጋጣሚ ተገፍቶ የሚጠፋው ቀላል አይደለም። ጉድጓዶቹ ጠባብና የተነጣጠሉ መሆናቸው በራሱ ጥበቃ ነው። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የተነሳ ሁከት ወደ ጎረቤት ለመሻገር ይቸገራል። ሰው ላይ ደግሞ ውድድሩ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ዘር ጉድጓዱን ጠቅልሎ ለመውሰድ ዓመታት ይፈጅበታል።

ኤፒሲ የጎደለው ግን ተንኮለኛ ነው። በ2021 ሁለት ቡድኖች እንዳሳዩት ኖተም የሚባል ፕሮቲን ወደ ውጭ ይለቃል። ኖተም ጎረቤቶቹ የሚኖሩበትን ምልክት ይቆርጥባቸዋል። ጤነኞቹ ሙያ ይዘው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ እሱ ቦታውን ይይዛል።

ጋሽ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ልጆች፣ ደስ ይላል ውይይታችሁ። "የሚኖሩበት ምልክት" የተባለው ምንድነው? ትንሽ ዘርዘር አድርጉልን።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
እሺ ጋሼ። እርስዎ ጠይቀው እንዴት እምቢ ይባላል።

ዋናው ምልክት ዊንት ይባላል። ጉድጓዱ ሥር ይበዛል፤ ወደ ላይ ሲወጡ እየሳሳ ይሄዳል። ዊንት ያገኘ ሴል ይባዛል፣ ስቴም ሆኖ ይቆያል። ወደ ላይ ደግሞ ቢኤምፒ የሚባል ሌላ ምልክት ይበረታል፤ እሱ "በቃ፣ ሥራ ያዝ" የሚል ዓይነት ነው። ከሥር ያለው ዊንት የሚመጣው ከየት ነው? አንዱ ምንጭ ፓኔት ሴሎች ናቸው። ጆሴፍ ፓኔት በ1888 የገለጻቸው፣ ሆዳቸው በጥራጥሬ የተሞላ ሴሎች። ባክቴሪያ የሚገድል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ጎን ለጎን ስቴም ሴሉን ይቀልባሉ። ከሽፋኑ ሥር ያሉ ደጋፊ ሴሎችም ዊንት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ፓኔቶቹ ቢጠፉም አንጀቱ ወዲያው አይፈርስም።

በእጄ ስለማየው ልንገራችሁ። ከአይጥ አንጀት ክሪፕቶቹን ነጥለን ማትሪጄል በሚባል ዝልግልግ ነገር ውስጥ እንቀብራቸዋለን። ማትሪጄል ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፤ ትንሽ ከሞቀ ይረጋል። በረዶው ላይ ካላስቀመጥከው ፒፔቱ ጫፍ ላይ ይጠጥርና ሥራህን ገደል ይከተዋል። ጠብታ ጠብታ አድርገን ሳህኑ ላይ እናስቀምጣለን፤ 37 ዲግሪ ላይ እስኪረጋ እንጠብቃለን፤ ከላዩ መኖ እንጨምራለን። መኖው ውስጥ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኢጂኤፍ፣ ኖጊንና አር-ስፖንዲን። ኢጂኤፍ ሴሉ እንዲባዛ ያነሳሳል፤ ኖጊን ቢኤምፒን ያፍናል፤ አር-ስፖንዲን ዊንትን ያበረታል። ቶሺሮ ሳቶ በ2009 ያወጣው ቀመር ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተቆረጠው ክሪፕት አፉን ይገጥምና ክብ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ቀን ሲሞላው ከጎኑ እንቡጥ ያወጣል። ማይክሮስኮፕ ሥር እንቡጡ ጫፍ ላይ ጠቆር ያሉ ጥራጥሬዎች ይታዩኛል፤ እነሱ ፓኔቶቹ ናቸው። ማንም ሳያዝዘው እንደገና ክሪፕት ሠርቷል! መሃሉ ላይ ደግሞ የሞተ ሴል ይጠራቀማል፤ አንጀት ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚረግፈው ማለት ነው። እዚህ ግን መውጫ የለውም። ሳምንት ገደማ ሲሞላው መሃሉ ይጠቁራል። ሰብረን ካላጠብነውና በአዲስ ጠብታ ካልቀበርነው ይሞታል። አር-ስፖንዲን መጨመር የረሳ ሰውም በጥቂት ቀን ውስጥ እንቡጡን አያየውም።

ቢኒ_መገናኛ
ስለዚህ ስቴም ሴል የሚያደርገው የሴሉ ዘር ነው ወይስ ቦታው?

ፓቶ_ስላይድ
እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም ብዙ ተከራክረዋል። ክሪስቶፈር ፖተን የሚባል እንግሊዛዊ እውነተኛው ስቴም ሴል ከሥር ሲቆጠር 4ኛው ቦታ አካባቢ ያለው ነው ሲል ኖሯል። ክርክሩ በጨረራና በመርዝ ሙከራ ላይ ለዓመታት ዘለቀ። በ2011 የአንድ አሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤልጂአር5 ያላቸውን ሴሎች በሙሉ አይጥ ላይ አጠፏቸው። ሁሉም የጠበቀው ሽፋኑ ይፈርሳል ብሎ ነው። አልፈረሰም። ሌሎች ሴሎች ወርደው ቦታውን ያዙ፤ ኤልጂአር5 እንደገና ታየ። በ2016 ደግሞ ምግብ መጣጭ ለመሆን መንገድ የጀመረ ሴል እንኳ ቦታው ባዶ ከሆነ ተመልሶ ስቴም እንደሚሆን ታየ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቦታው ይበልጣል። እዚያ ጉድጓድ ሥር የገባ፣ ዊንት ያገኘ፣ ሥራውን ይሠራል። ስቴም ሴል መሆን ሹመት ነው እንጂ የትውልድ መብት አይደለም።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
በአብዛኛው እስማማለሁ። ግን "ቦታው ብቻ" አትበል። ተመልሶ የሚገባው በአብዛኛው ወጣቱ ነው። ቪላዩ ጫፍ ላይ ያረጀው ተመልሶ አይወርድም። ደግሞ ይህ የሚሆነው ጉዳት ሲደርስ ነው። በአዘቦት ቀን ሥራውን የሚሠሩት ኤልጂአር5ቶቹ ናቸው።

ሲስተር_ማ
እኔ የላቦራቶሪ ሰው አይደለሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነርስ ነኝ። ግን የምታወሩት ነገር ዋርድ ውስጥ በየቀኑ አለ።

ቢኒ ወንድሜ፣ ኬሞ የሚመታው በፍጥነት የሚባዛን ሁሉ ነው። ካንሰሩን ይመታል፤ ከሱ ጋር ክሪፕቱንም ይመታል። የላዩ እንደ ልማዱ ይረግፋል፤ ከሥር ተተኪ ይጠፋል። ለዚህ ነው ተቅማጡ መድኃኒቱ በተሰጠበት ዕለት ሳይሆን ከቀናት በኋላ የሚብሰው። አፍ የሚቆስለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አጎትህ ፈሳሽ በደንብ ይውሰድ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ደም ካየ ወይም የሚጠጣው አልረጋ ካለ ጠዋት ድረስ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ውሰዱት። የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ሳታማክሩ አትስጡት።

ሕፃናቱ ላይ ደግሞ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስን እዩት። ቫይረሱ የሚያጠፋው ከላይ ያሉትን የበሰሉትን መጣጮች ነው። ጉድጓዱን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ልጁን በፈሳሽ ካቆዩት፣ ከሥር አዲሱ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ይተካዋል። ገዳዩ ያ በመሃል ያለው ጊዜ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንሰጠው ለዚያ ነው። ስኳሩና ጨው አብረው በአንድ በር ይገባሉ፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ከጎኑ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ከ6 ወር በታች ላለ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20። እናቶች ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን ያቆሙታል። አታቋርጡ! ክትባቱም አለ፤ እኛ አገር እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ይሰጣል።

ሰላም_ከስዊድን
እኔ ሴሊያክ አለብኝ፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቴን ይጎዳዋል። ግሉተን ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል፤ ናሙና ሲወሰድ ቪላዩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም አሉኝ። በ5 ቀን የሚታደስ ከሆነ የኔ ምን ነክቶት ነው?

ፓቶ_ስላይድ
እህቴ፣ ያንቺ ጉድጓዶች ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ናሙና ላይ ቪላዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ክሪፕቶቹ ግን ከልክ በላይ ረዝመው፣ በሚባዛ ሴል ተሞልተው ይታያሉ። ላዩን የራስሽ መከላከያ ሴሎች እየገደሉት፣ ታቹ ይተካል፣ ይተካል፣ አልደርስ ይላል። ግሉተኑ ሲቆም ቁጣው ወዲያው አይበርድም። አዋቂ ላይ ቪላዩ ቁመቱን እስኪያገኝ ከዓመት፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። ልጆች ይፈጥናሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል። ጠይቂ።

ሰላም_ከስዊድን
እንጀራውን የምገዛበትን ሱቅ ነገ እጠይቃለሁ። 😬

ጋሽ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጾምስ? ጾም ስቴም ሴልን ያድሳል ሲባል ሰምቻለሁ።

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
ጋሼ፣ ወሬው አሜሪካ ካለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። የኦመር ይልማዝ ቤተ ሙከራ በ2018 ለ24 ሰዓት ምንም ያልበሉ አይጦች ስቴም ሴላቸው ስብ ማቃጠል እንደሚጀምርና ኦርጋኖይድ የመሥራት አቅሙ እንደሚጨምር አሳየ። በ2024 ግን ያው ቡድን ሌላ ነገር ጨመረ። መባዛቱ የሚፈነዳው ጾሙ ላይ ሳይሆን ከጾሙ በኋላ መብላት ሲጀመር ነው። በዚያች ሰዓት ካንሰር አምጪ ሚውቴሽን ካገኘው ዕጢ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ሁሉም በአይጥ ላይ ነው። አይጥ 24 ሰዓት ካልበላ ለሱ ከባድ ነገር ነው፤ ከእኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጋር አይገናኝም። ጾሙን ለነፍስዎ ይጹሙ፤ ለክሪፕት ብለው አይጀምሩት።

አባ_ቀልዴ
ዱለት የበላ ሰውስ ስቴም ሴል ወሰደ ይባላል? የፍየል ክሪፕት አለበት አይደል?

ኦርጋኖይድ_ሠሪዋ
አንጀት ከገባበት አዎ። ሆድህ ግን እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል። የቢኒ ዱቄትም ዕጣው ያው ነው፤ ውስጡ ስቴም ሴል ቢኖር እንኳ ደርቆ፣ ሞቶ፣ በጨጓራ አሲድ አልፎ ምንም አይተክልም። እውነተኛውን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ቶኪዮ ሂዱ። በ2022 አንድ አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል በሽታ) ያለበት ታካሚ ከራሱ አንጀት በተወሰደ ናሙና ያደገ ኦርጋኖይድ የቆሰለው ቦታ ላይ ተለጠፈለት። በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቱቦ)፣ በሐኪም እጅ ነው የተሠራው።

ጋሽ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
የመጨረሻ ጥያቄ። ባለፈው ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ሲሠራልኝ አንድ ፖሊፕ፣ ሽፋኑ ላይ የበቀለ ትንሽ እብጠት፣ አግኝተው ቆረጡ። ሽፋኑ እንዲህ የሚረግፍ ከሆነ ፖሊፑስ ለምን በራሱ አይረግፍም?

ፓቶ_ስላይድ
የራሱ ስቴም ሴል ስላለው ነው ጋሼ። በ2012 አይጥ ላይ ታይቷል፤ የዕጢው ሴሎች የሚመነጩት እዚያው ውስጥ ካሉ ኤልጂአር5 ካላቸው ሴሎች ነው። ላዩ ቢረግፍ ከሥሩ ይተካል። ስለዚህ ከነሥሩ መቆረጥ አለበት። ተቆርጦልዎታል፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ግን አይዝለሉ።

ቢኒ፣ አጎትህ ሲታወቅበት ዕድሜው ስንት ነበር? ልጆችስ አሉት?

ቢኒ_መገናኛ
58። ትልቁ ልጁ 31 ነው።

ፓቶ_ስላይድ
ልጆቹ 40 ሲሞላቸው ኮሎኖስኮፒ ይጀምሩ። አባታቸው ከ50 በፊት ቢታወቅበት ኖሮ ከዚያም ቀደም ይሉ ነበር፤ በአባት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ተቀንሶ ነው የሚታሰበው። ሌላም ዘመድ በዚሁ በሽታ ታሞ ከነበረ፣ ወይም አጎትህ ላይ ብዙ ፖሊፕ ተገኝቶ ከነበረ የዘር ምርመራ ይጠይቁ። አንተ ከፓቶሎጂ ሪፖርቱ ላይ የፖሊፑን ቁጥር እይና እዚህ ጻፍልኝ።